የእማማ ገዲሴ ገብስ

«ቡና ይጠጣሉ እማማ?» አለ ሐኪሙ፣ ማዳመጫውን ከእማማ ገዲሴ ደረት ላይ እያነሳ።

ትሩፋት የአማቷን ሸራ ጫማ እንደያዘች ከአልጋው አጠገብ ደርቃ ቀረች። ከቤት እስከ ጎፋው ጤና ጣቢያ ድረስ ክፉውን ሁሉ ስታስብ ነው የመጣችው፤ ሆስፒታል ይተኙ ቢባልስ፣ እዚሁ እጄ ላይ ቢቀሩስ፣ ባሌን እናትህን ምን አደረግኋት እለዋለሁ። ስለ ቡና ይጠየቃል ብላ ግን አላሰበችም።

«የምታፈላልኝ ምራቴ ናት» አሉ እማማ ገዲሴ፣ የቀሚሳቸውን ደረት እየቆለፉ። «እሷን ጠይቃት።»

«ገብስ ነው የማፈላላቸው» አለች ትሩፋት። «ቡና ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ቆይቷል።»

ነገሩ የተጀመረው በፍርሃት ነበር። አምና እማማ ገዲሴ ደረቴን ወጋኝ ብለው በተቀመጡበት ላብ ሲያጠምቃቸው፣ ጎረቤቷ አስቴር ቡና የልብ በሽተኛን ድንገት ይዞ ይሄዳል አለቻት። ትሩፋት ሐኪም ሳትጠይቅ በማግስቱ ገብስ አሳርራ ቆልታ በቡና ፈንታ አፈላችላቸው። ቡናው ሁሉ ለውጭ ምንዛሪ ተጭኖ ሄደ አሉ፣ ብላ ነገረቻቸው። በዚያ ሰሞን ይህን የማይል ሰው ስላልነበረ አልጠየቋትም። ራሳቸውን በመቀነት ጠፍረው ስምንት ቀን ተኙ። የቡና ሱስ መሆኑን እያወቀች ምች ነው አለቻቸው፤ ዳማ ከሴ ጨምቃ አጠጣቻቸው።

ቡናው ግን ጨርሶ አልጠፋም ነበር። ቀበሌው ትንሽ ትንሽም ቢሆን ባከፋፈለ ቁጥር ትሩፋት ተሰልፋ ታመጣለች፣ ከበርበሬው ጣሳ ጀርባ ትደብቃለች። መጀመሪያ ማስቀመጥ ብቻ ነበር። ኋላ እማማ ገብርኤልን ሊሳለሙ ሲወጡ ማድ ቤቱን ዘግታ አንድ ስኒ፣ ከዚያም ሦስት። ዛሬም ጠዋት እማማ ከገብርኤል እስኪመለሱ ልቤን ላረጋጋ ብላ ቆልታ ጠጥታ ነው የወጣችው።

ሐኪሙ ለልባቸው ተብሎ ከሆነ በልክ የተጠጣ ቡና እሳቸውን እንደማይጎዳ ነገራት፤ ዋናው ጨው መቀነስና ኪኒኑን አለማቋረጥ ነው። «እንዲያውም ቡና ልብን ሳይጠብቅ አይቀርም የሚሉም አሉ። ካገኛችሁ አንድ ሁለት ስኒ አትከልክሏቸው።»

«ታዲያ ዓመት ሙሉ እንደ በቅሎ ገብስ ስቀለብ ኖርኩ በለኛ» አሉ እማማ ገዲሴ። ሐኪሙ ሳቀ። ትሩፋትም ለመሳቅ ሞክራ አልሆነላትም።

ተንበርክካ ጫማቸውን ታጠልቅላቸው ጀመር። ስታጎነብስ የነጠላዋ ጫፍ ከትከሻዋ ተንሸራቶ አማቷ ጉልበት ላይ ወደቀ። እማማ ገዲሴ አነሱት። ሊመልሱላት መስሏት ነበር። አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የጠዋቱን የቡና ሽታ በረዥሙ ሳቡት። ከዚያ ነጠላውን ትከሻዋ ላይ መልሰው አስተካከሉላት።

ትሩፋት ቀና አላለችም። አንዴ ያሰረችውን የጫማ ማሰሪያ ፈትታ እንደገና ማሰር ጀመረች።