«ይሳቡ... ይያዙ... ይልቀቁ»

«እጁን! እጁን እሰሩት! በእጁ ነው የሚጠራቸው!»

ጎንደር... ቀሐ ሰፈር... 1948 ዓ.ም... ጎህ ሲቀድ።

በሩ ተገንጥሎ መሬት ላይ ወድቋል።

ዳኛው የሚባል ጎረምሳ የመኪና ጭነት የሚያስርበትን ገመድ ይዞ አንድ ሰው ላይ ተከምሯል።

የሚታሰረው አምሳ አለቃ ጌታው ነው። ኮሪያ ዘምቶ፣ ደረቱን ቆስሎ የተመለሰ ወታደር።

ከአጠገቡ ደግሞ... የዳኛው እናት! እትዬ ዘነበወርቅ! ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት እንደዘረጉ ደርቀው ቀርተዋል።

በስመአብ አትበሉ... ገና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው...

የእትዬ ዘነበወርቅ ትልቁ ልጅ ሰጠኝ ከጓደኛው ከጌታው ጋር ኮሪያ ዘምቶ እዚያው ወድቆ ቀረ።

መርዶው ከመጣ ወዲህ ደረታቸው ተዘጋ። ሲራመዱ ያፍናቸዋል፣ ሲያለቅሱ ያፍናቸዋል። ጠበሉም ሐኪሙም ተሞከረ... ወይ ፍንክች!

በዚህ መሀል ታናሹ ልጅ ዳኛው ሰሊጥ ሊጭን ወደ ሳንጃ ቆላ ወርዶ ሰነበተ። ሲመለስ ጎረቤታቸው ታየች መንገድ ላይ ጠብቃ ያዘችው።

(ታየችን ታውቋታላችሁ... በየሰፈራችን አለች። ዛሬ ቢሆን የቴሌግራም ግሩፕ ከፍታ ነበር።)

«አንተ ዳኛው! እናትህን በሉልህ!»

«ምነው? እነማን?»

«ያ ኮሪያ የዘመተው ጋኔን ሳቢ ሆኖ ነው የመጣ! እናትህ በየማለዳው እሱ ቤት ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል። በጆሮዬ ነው የሰማሁት... ‹ይሳቡ... ይያዙ... ይልቀቁ› ይላል!»

«ማንን ነው እንዲህ የሚል?»

«አጋንንቱን ነዋ! ‹ይሳቡ› ሲል ይስቧታል፣ ‹ይያዙ› ሲል ይይዟታል! በበሩ ቀዳዳ ባይ ደግሞ እናትህ እጇን አየር ላይ ታንሳፍፋለች። ኧረ ጉድ ነው!»

ዳኛው ሌላ አልጠየቀም። እናቱንም አልጠየቀም። (እቺን ያዙልኝ።)

ሰው ሰበሰበ... በር ሰበረ... ሰውየውን አሰረ።

እዚህ ላይ ነው ነገር የተበላሸው...

በጩኸቱና በአቧራው መሀል የእትዬ ዘነበወርቅ ደረት ድርግም ብሎ ተዘጋ።

አፋቸው ይከፈታል... አየር አይገባም። ከንፈራቸው ጠቆረ። ወደ ፊት ዘመሙ።

«እማዬ!» ዳኛው ሮጦ ደገፋቸው።

ሰዉስ ምን አለ? «ጋኔኑ ነው! ልቀቃት በሉት! ልቀቃት!» አንዱ ውሃ ይደፋል፣ አንዱ ጆሯቸው ላይ ይጮሃል።

እየሞቱ ነው ጎበዝ! እናት ልጇ እጅ ላይ እየሞተች ነው!

ያን ጊዜ ከመሬት ዝግ ያለ ድምፅ ተሰማ። የታሰረው ሰውዬ ነው።

«እትዬ... እኔን ይዩኝ። እነሱን ይተዋቸው። ቀስ ብለው... ይሳቡ...»

ውሃ የሚደፋው እጁን ሰበሰበ።

«ይያዙ...»

«አሁን ይልቀቁ...»

ዳኛው ክው ብሎ ቀረ።

ይሳቡ የተባሉት አጋንንት አይደሉም... እናቱ ናቸው! «እርስዎ፣ አየር ይሳቡ» ነው ነገሩ! ሰውየው የጓደኛውን እናት አንቺ ማለት ነውር ሆኖበት አንቱ ስላለ... ጋኔን ሳቢ ተባለ!

እኔ ይህን ስሰማ ራሴን ነው የያዝሁት። ሰው በአክብሮቱ ይታሰራል?

እትዬ ዘነበወርቅ የክር ያህል አየር ሳቡ። ያዙ። ለቀቁ። ደግመው ሳቡ። እጃቸው ከትንፋሻቸው ጋር ተነሣ፣ ውሃ የሞላ እንስራ እንደሚያወርድ ሰው ደግሞ ቀስ ብሎ ወረደ።

(ዛሬ ታይ ቺ የሚባል የትንፋሽ ስፖርት ሆኖ በቪዲዮ የምናየው ነው።)

ከንፈራቸው መልኩ ተመለሰ። የመጀመሪያ ቃላቸው ምን ነበር?

«ፍታው!»

ዳኛው ገመዱን ፈታ።

«ምነው እማዬ... ምነው ደበቅሽኝ?»

«በር ሰብረህ እንደምትመጣ አውቄ ነዋ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ! አምሳ አለቃው እግር ላይ ወደቀ።

«ይቅር ይበሉኝ አያ ጌታው። ይህን ሸጋ ነገር ማን አስተማረዎት?»

ጌታው አቀረቀረ።

«ንገረው» አሉ እትዬ ዘነበወርቅ።

«ቆስዬ ሆስፒታል ሳለሁ... አጠገቤ አንድ ቁስለኛ ምርኮኛ ተኝቶ ነበር። ሲያፍነኝ አየ። ቋንቋ የለን፣ እጁን እያነሣ እያወረደ አየር አሳሳብ አሳየኝ። እኔም እንዲሁ ዳንሁ።»

«የምን አገር ሰው ነው?»

«...ቻይና።»

የዳኛው ዓይን ደም ለበሰ።

«ወንድሜን የገደሉት?! እማዬ! አንቺ ይህን ታውቂያለሽ?!»

«የመጀመሪያው ቀን ነግሮኛል» አሉ። «ሰምቼ ጥዬው ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ሳለቅስ ሰነበትሁ። ኋላ አሰብሁት... የኔ ሰጠኝ የመጨረሻ ትንፋሹን ሲስብ አጠገቡ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖርለት ምን ነበር? ጠላትም ቢሆን። ብቻ እጁን አንሥቶ ‹ሳብ› የሚለው። ይህን ስል ተነሥቼ ሄድሁና ‹አስተምረኝ› አልሁት።»

ዳኛው ገመዱን ጠቅልሎ ወጣ።

በማግስቱ ዳኛው የሰበረውን በር ሊሠራ መጣ። ቀዳዳውን ሁሉ ጥርቅም አድርጎ ደፈነው። (ይቅርታ ታየች!)

ሲጨርስ ግን አልሄደም። እናቱ አጠገብ ቆመ... እጁን ቀስ ብሎ አነሣ።

ወዳጆቼ... ከበር ውጭ በሰማችሁት ቃል ገመድ አታንሡ። አንኳኩና ጠይቁ። የምትጠሉት ወገን ውስጥም የሰው ነፍስ የሚያሳዝነው አለ።

አሁን እውነቱን ንገሩኝ...

ለእናታችሁ ትንፋሽ የመለሰው ነገር ወንድማችሁን ከገደለው ወገን የመጣ ቢሆን... ትቀበሉት ነበር ወይስ እምቢ ትሉ ነበር?