የሃዲድ ባንድ ቅዳሜዎች

ዓብዩ በዋሂል መንገድ በመኪና አደጋ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። ባንዱ ግን አልሞተም። ዒጋል እንዲሞት አልፈቀደም።

ሲጀምሩ አራት ነበሩ። ዓብዩ በርሜልና የባቡር ሃዲድ ቁራጭ ይመታል፤ ዒጋል ጊታር፣ ይሳቅ ቤዝ ይጫወታሉ፤ ሳሌም ደግሞ ድምፅዋ እስኪዘጋ ትጮሃለች። ሙዚቃቸው ኢንደስትሪያል ሜታል ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የሰማቸው ሁሉ «ይሄ ሙዚቃ ነው ወይስ ጋራዥ?» ይላል። ስማቸውንም ከብረቱ ወስደው «ሃዲድ» አሉት። የሚለማመዱት ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከዚራ ሰፈር፣ በዓብዩ እናት ግቢ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነበር።

የዓብዩ አርባ በወጣ ማግስት ዒጋል ብቻውን ወደዚያች ክፍል ገባ። ከቀብሩ ወዲህ ከሰው ጋር አልተነጋገረም፤ እህልም እምብዛም አልቀመሰም። የዓብዩን መዶሻ አንስቶ ሃዲዱን አንዴ መታው። የዓብዩ እናት በለጠች እየሮጠች መጣች። በሩ ላይ ቆማ ትኩር ብላ አየችው።

«ቅዳሜ ትመጣላችሁ አይደል?» አለችው።

ዒጋል ያኔ ገባው። ይህቺ ሴት ልጇን በብረቱ ውስጥ እየሰማችው ነው።

«እመጣለሁ፣ ሆዮ» አላት። በሶማልኛ እናቴ ማለቱ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲያ ነው የሚጠራት።

መጀመሪያ የሄደችው ሳሌም ናት። «እሱ ቦታ ላይ ሌላ ሰው እያየሁ መጮህ አልችልም» ብላ ማይኩን አስቀመጠች። ይሳቅ አግብቶ አዳማ ገባ። ዒጋል በኢንዱስትሪ ፓርኩ አብረውት ከሚሠሩት ሁለቱን ለምኖ በቦታቸው ተካ። በዓብዩ ቦታ የገቡት መቺዎች ግን አልበረክት አሉ፤ ወርሳሜ ሰባት ወር፣ ክፍሌ አራት ወር። ክፍሌም ሲወጣ ዒጋል፣ በቃ አለቀ ብሎ ነበር። በሳምንቱ በለጠች ራሷ ቀፊራ ገበያ ሄዳ፣ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ የከሰል ማንደጃ የሚሠራውን ዒልሚን ይዛ መጣች።

«እጁ ጥሩ ነው» አለች።

ዒጋል ለአዲስ ገቢ ሁሉ በሩ ላይ ያችኑ ይነግረዋል፦ «ባትወደውም ምታ። ለእሷ ነው።»

እነሱ ሲጫወቱ በለጠች ደረጃው ላይ ትቀመጣለች፤ በዚያ ሙቀት ነጠላዋን እስከ ጆሮዋ ተከናንባ፣ አንገቷን ደፍታ። ሲጨርሱ ዓይኗ ቀልቶ ሻይ ታቀርባለች። አንድም ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም።

ዒጋል ራሱ ሙዚቃውን ከጠላው ቆይቷል። እጮኛው ናስቲሆ ጅግጅጋ ሆና ትጠብቀዋለች፤ ሠርጉን ሁለቴ አራዝሞባታል። ባለፈው ሳምንት ደወለች።

«የምትኖረው ለዓብዩ እናት ነው ወይስ ለእኔ?»

«ወላሂ ናስቲሆ፣ ብተዋት ትሞታለች።»

«እንግዲያው እኔን ተወኝ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

በተከታዩ ቅዳሜ ዒጋል ከሁሉም ቀድሞ መጣ። ጊታሩን አልያዘም። በለጠች ደረጃው ላይ ነበረች። አጠገቧ ተቀመጠ፤ ያዘጋጀውን ንግግር ሳይጀምር እንባው ቀደመው።

«ሆዮ፣ ይቅር በይኝ። ጅግጅጋ ልገባ ነው። ከዛሬ ወዲያ ሃዲድ የለም። የልጅሽን ድምፅ ልነጥቅሽ ፈልጌ አይደለም፤ አቅቶኝ ነው።»

ትጮኻለች ወይም ትወድቃለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ጭንቅላቱን ሳብ አድርጋ ደረቷ ላይ አስተኛችው። ትንፋሿ ከውስጥ፣ ከሩቅ ወጣ።

«እኔ እኮ ልጄ፣ ብረቱን ከነጠቅሁህ አንተም ትሞትብኛለህ ብዬ ነው እንጂ፣ ያን ድምፅ አንድ ቀን እንኳ ችዬው አላውቅም።»