ተዳፋቱ ላይ

«ጋሼ፣ ይልቀቁት እንጂ!» አለች ዋና ነርሷ፣ አልጋው ላይ በጀርባዋ ተንጋላ። ሆስፒታሉ ሊገዛ ካሰባቸው ሁለት የአልጋ መግፊያ ሞተሮች አንደኛው ከአልጋው ጋር ተያይዞ፣ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የሚያወጣው ተዳፋት መሃል ላይ ቆሞ ነበር። ሻጩ «እጀታውን ሲለቁት ፍሬኑ ራሱ ይይዛል» ብሎ ምሏል። አንጋፋው አልጋ ገፊ ግን ሰው የተኛበትን አልጋ ተዳፋት ላይ ለቆ አያውቅም፤ ጣቶቹ እምቢ አሉት።

«መጀመሪያ አንቺ ውረጂ፣ ልጄ።»

«ነገ በሽተኛ ነው የሚተኛበት። ዛሬ እኔ ልሞክረው።»

ዓይኑን ጨፍኖ ለቀቀ። አልጋው ንቅንቅ አላለም። ሻጩ አጨበጨበ። ነርሷ ልትወርድ ጎንበስ ስትል ግን የሽማግሌውን ጫማ አየችው፤ እግሩን ከነጫማው ከታችኛው ጎማ ሥር ሸጉጦታል።

ተመልሳ ተኛች። «እግርዎንም፣ ጋሼ።»

ቀስ ብሎ እግሩን ሳበ። አልጋው ተከተለው። ገና ሳትጮህ ሁለቱ እጆቹ የአልጋውን ብረት አንቀው ያዙት፤ ደረቱንም ደገፈበት። ነርሷ ዓይኗን ከኮርኒሱ ሳትነቅል፣ «ሁለተኛውን ሞተር አምጡት» አለች። «እኔ አልወርድም።»