የቃሪያው ምርቃት

አብተው በቀለም ባልዲ ተክሎ፣ ከአዳማ ፀሐይ ጥላ ለጥላ ሲያሸሸው የከረመው ተክል በአራተኛ ወሩ አንድ ቃሪያ አፈራ። ቆረጠውና በሁለት እጁ ለጋሽ ባጫ አቀረበ። ጎረቤቱ ጋሽ ባጫ መቂ ላይ ሠላሳ ዓመት በርበሬ ያመረቱ ሰው ነበሩ። «እሳቸውን ካላቃጠለ ነቅዬ ጥዬ ባልዲዬን እወስዳለሁ» ብላው ነበር ሚስቱ ማርቲ።

«መጀመሪያ ይመርቁልኝ» አለ አብተው።

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። «አቃጥል!»

«አሜን!» አለ አብተው።

«አስለቅስ! የቀመሰህ ሁሉ እሪ ይበል! ቤቱን በላብ አጥምቅ!»

ማርቲ አሜን ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

ጋሽ ባጫ ቃሪያውን እስከ ግማሽ ገመጡት። አኘኩት፤ ፊታቸው ላይ አንድም ነገር አልተንቀሳቀሰም። «ይጣፍጣል፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

ይጣፍጣል! አብተው፣ ማርቲ ወደ ባልዲው ስትራመድ ሲያይ የቀረውን ግማሽ ከእጃቸው ወስዶ በንዴት አፉ ውስጥ ከተተው። ወዲያው ጆሮው ጋለ፤ እንባው ዱብ ዱብ አለ። «አቃጠለ! ማርቲዬ፣ አቃጠለ!» እያለ ግቢውን ዞረ። ጠዋት ሞልቶ ያስቀመጠውን የማጠጫ ጆግ አፈፍ አደረገ። ባዶ ነበር።

ጋሽ ባጫ ጀርባቸውን ሰጥተው ጢማቸውን በእጅጌያቸው ይጠርጉ ነበር።

«ልጄ» አሉ ሳይዞሩ፣ በታፈነ ድምፅ፣ «ሌላ ውሃ የላችሁም?»