የአንድ ሰዓት ታላቅ

ቤይ በሚባሉት የቱኒስ ነገሥታት ቤት ዙፋን ከአባት ወደ ልጅ አይወርድም። ከመላው ቤተሰብ በዕድሜ የሚበልጠው ወንድ ይነግሣል፤ እሱ ሲሞት ተከታዩ ሽማግሌ ተራውን ያገኛል። ስለዚህ በዚያ ቤት የልደት ሰዓት እንደ ርስት ይጠበቃል። ጠባቂዋም አዋላጅ ናት።

ማኑቢያ ሰማንያ ያለፋት አዋላጅ ነበረች። ስድስት ቤዮች ሲያልፉ አይታለች። ከስልሳ ዓመት በፊት ከቱኒስ አጠገብ ማርሳ በሚገኘው ግቢ፣ የአንድ መስፍን ሁለት ሚስቶች በአንድ ቀን ምጥ ያዛቸውና ከክፍል ክፍል ስትሮጥ ዋለች። መጀመሪያ ተውፊቅን ተቀበለች፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ኢዘዲንን። ይህንኑ በሁለት የውል ጸሐፊዎች ፊት ምላ አስመዘገበች። በዚያች አንድ ሰዓት የተነሳ ዛሬ ተውፊቅ አልጋ ወራሽ ነው፤ ኢዘዲን ደግሞ ከእሱ ቀጥሎ ተራውን የሚጠብቅ።

ሁለቱም እዚያው ግቢ ውስጥ አርጅተዋል። ተውፊቅ ደረቱ ደካማ ነው፤ በሐምሌ ሐሩር እንኳ ያስለዋል። ጆሮው ላይ የጃስሚን አበባ ሰክቶ ወፎቹን ሲቀልብ ይውላል። ኢዘዲን ግን ፈረሰኛ፣ ቁጡ፣ ሳቁ ራሱ የሚያስፈራ ሰው ነው። ልጅ ሳለ ወንድሙን የውሃ ገንዳ ውስጥ ገፍትሮት ነበር። ማኑቢያ ያን አልረሳችለትም።

ዘመኑ ፈረንሳዮች ከወጡ ገና አንድ ዓመት ያለፈው ነበር። ቤዩ አርጅቷል፤ ታሟልም ይባላል። በየቤተ መንግሥቱ በር የቆዩት ዘቦች ተነስተው፣ ማንንም እጅ የማይነሱ የአዲሱ መንግሥት ወጣት ፖሊሶች ተተክተዋል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ኢዘዲን ሁለት የውል ጸሐፊዎች አስከትሎ ማኑቢያ ክፍል ገባ።

«እማማ፣ ያኔ ተሳስቼ ነበር በይ። ቀድሞ የተወለደው ኢዘዲን ነው በይና ፈርሚ።»

«አብደሃል? አንተ ኋላ ነው የመጣኸው፤ ያውም በእግርህ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀና ነገር ሠርተህ አታውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ በቁርዓን የማልኩትን በስተርጅና ላፍርስ? ነገ አፈር የምገባ ሴትዮ?»

«ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

«ኃጢአት እንደ ካባ ከትከሻ ትከሻ አይዛወርም። ደግሞስ የቤዩ ነፍስ ገና አልወጣች፤ ምን አስቸኮለህ?»

ኢዘዲን ጸሐፊዎቹን ወደ ውጭ አስወጥቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ፣ «ካልፈረምሽ ተውፊቅ ዓመቱን አይጨርስም» አላት።

የተውፊቅ እናት በወለደች በሳምንቷ ስለሞተች፣ የራሷ ጨቅላ በቅርቡ የሞተባት ማኑቢያ ነበረች ያጠባችው። ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበራትም።

«በገዛ ወንድምህ?» አለች።

«ዛሬውኑ ፈርሚ፣ እማማ።»

ጸሐፊዎቹ ተመልሰው ገቡ። እሷ መጻፍ አታውቅም፤ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ስታትም ቀለሙን አንጠባጥባ ወረቀቱን አበላሸችው። ኢዘዲን ሌላ አስጻፈ። እንደገና አተመች። ወዲያው ጸጸታት።

«ቅደደው!» አለችው አንዱን ጸሐፊ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ እመቤቴ» አላት ጸሐፊው። ወደ ኢዘዲንም ዞሮ፣ «ግልባጩን ለቤተ መንግሥቱ እናድርስ፣ ጌታዬ?» ሲል ጠየቀ።

«ቤተ መንግሥቱ ይቆየው። መጀመሪያ ለአዲሶቹ ሹማምንት ስጥ። መቀበላቸውንም አስፈርም።»

ማኑቢያ ገባት። ሰውዬው የባለጊዜዎቹን ድጋፍ ከወዲሁ ሊይዝ ነው። «የቀማኸው አይባረክልህ! ሳትቀመጥበት ይንቀልህ!» ብላ ረገመችው። እሱም «አሜን» ብሎ ወጣ።

ተውፊቅ ነገሩን የሰማው ምሳ ላይ ነው። ሳሉ አላናግር ብሎት ቆየ። «ቢጠይቀኝ እኮ እሰጠው ነበር» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ወዲህ ወንድሙን ሰላም አላለውም። ኢዘዲንም ታረቀኝ ብሎ አልለመነም። ፈረሶቹን ግን ለዘመድ አዝማድ አከፋፈለ። አገልጋዮቹ ይህን አይተው፣ «እንግዲህ የሚጋልበው የቤተ መንግሥቱን ነዋ!» ተባባሉ።

ማኑቢያን ሥጋት እንቅልፍ ነሳት። ለተውፊቅ የሚቀርበውን ሁሉ ቀድማ መቅመስ ጀመረች፤ ጨጓራዋን የሚልጠውን በርበሬ የበዛበት ሐሪሳ እንኳ አልተወችም። መርዝ ከኖረበት እሷ ትቅደም፤ ኖራ ጠግባለች።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ራዲዮ ተናገረ። ንግሥና ቀርቷል። አገሪቱ ሪፑብሊክ ሆናለች፤ ፕሬዚዳንትም ተሰይሞላታል። ተውፊቅ ግቢው መሃል ጥላ ሥር ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ወፎቹን መቀለቡን ቀጠለ። ማኑቢያ ግን እልል አለች።

«ሰማህ?» አለችው ኢዘዲንን፣ አገልጋዩ ሁሉ እየሰማ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ወንድምህን የሸጥክበት ዙፋን ይኸው ማገዶ ሆነ! እሰይ!»

ኢዘዲን ሰዓቱን አየ። ከዚያ ወደ በሩ ተመለከተ።

ብዙም ሳይቆይ ፖሊስ የሞላባቸው ሁለት መኪኖች ገቡ። አለቃው ከፊተኛው ወርዶ፣ ቤዩ መያዙን፣ አልጋ ወራሹም ዛሬውኑ ወደ እስር ቤት እንደሚሄድ፣ ሌላውን የቤቱን ሰው ግን ማንም እንደማይነካው ተናገረ።

«አልጋ ወራሹ ማነው?» አለ።

ተውፊቅ በስልሳ ዓመት ልማዱ ከወንበሩ ተነሳ።

ኢዘዲን ትከሻውን ይዞ መልሶ አስቀመጠውና ለአለቃው፣ «ወረቀቱ ከዘጠኝ ቀን በፊት ደርሷችኋል፤ ታላቁ እኔ ነኝ፤ እሱ ደረቱን ያመዋል» አለው።