ውሃ የጠየቀችው መልእክተኛ

አሜሪካ፣ ዩኒየን ሲቲ በሚገኘው ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ በተማሪዎቹ ቲያትር የስፓርታ ንጉሥ ሆና የምትጫወተው ሳምራ የካርቶን ዙፋኗ ላይ ተኮፍሳ ነበር። የፋርስ መልእክተኛ የሆነችው ልጅ የጥጥ ፂሟን እያስተካከለች ፊቷ ቆመች። «ንጉሣችን መሬትና ውሃ ስጡኝ ይላል!» አለች፤ ጉሮሮዋ ደርቆ ሳል አነቃት። ሳምራ በጦሯ ጫፍ ከካርቶን የተሠራ የውሃ ጉድጓድ አመለከተች፤ «ከዚያ ውስጥ ቅጂ!» ወታደር የሆኑት ልጆችም መልእክተኛዋን ጉድጓዱ ውስጥ ሊወረውሯት ክንዷን ያዙ።

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው የ«ንጉሡ» የሳምራ እናት ዓፊፋ አላስችል አላት። ውሃ የጠየቀ እንግዳ ጉድጓድ ሊጣል፣ ያውም በገዛ ልጇ ትእዛዝ! ከቦርሳዋ የታሸገ ውሃ መዥረጥ አድርጋ መድረኩ ላይ ወጣች፤ ወታደሮቹን ገፈታትራ ክዳኑን ከፈተችላት። «ጠጪ፣ የኔ እናት።» መልእክተኛዋ ፂሟን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ ግጥም አደረገችው።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሳምራ ከዙፋኗ ዘላ ወረደች። «ማሚ፣ ኖ! ውሃ ከሰጠን እኮ ሰረንደር አደረግን፣ እጅ ሰጠን ማለት ነው! አገራችንን ለፋርስ ሰጠሻት!»

ዓፊፋ ባዶውን ፕላስቲክ እየከደነች ልጇን ገላመጠቻት።

«ምን ያንጫጫሻል? ውሃውን ብቻ ነው የሰጠሁት፤ መሬትሽ እንዳለ ነው።»