የካዲላኩ ሾፌር

ወንዳፍራሽ ካዲላኩን የገዛው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2012 ነው። ጥቁር፣ ረጅም፣ አምስት ዓመት ያገለገለ። ከሲያትል ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልሱት ጓደኞቹ በሙሉ ቤንዚን ወደማትጠጣው ቶዮታ ሲዞሩ እሱ ብቻ ወደ ኋላ ዞረ።

መኪናውን ሲያትል አጠገብ ኬንት ካለው ቤቱ ደጃፍ ፓርክ ሲያደርግ ልጁ ልዕልት በመስኮት አየችና ማን እንደሞተ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው።

እሱ ምን በወጣው ይፈር። ላገኘው ሁሉ ታሪኩን ይተርክ ጀመር። ኩባንያው ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ነው፤ ስሙ ዲትሮይትን ከቆረቆረው ፈረንሳዊ የተወሰደ ነው፤ አሜሪካኖች አልጋም ይሁን ማቀዝቀዣ ከሁሉ የሚበልጠውን ለማድነቅ «የአልጋ ካዲላክ» ይሉ ነበር። ሀብታሞቹ የቤልቪው ከተማ ኢንጂነሮች ካዲላኩን ሲያዩ በስልካቸው ሌላ መኪና እንደሚጠሩ ግን አይናገርም።

መኪናውን ለማስመረቅ የሐበሻ ሾፌሮች ማኅበር አባላትን እሑድ ምሳ ጠራ። ጋሽ ሀብተሥላሴም መጡ። ሰባን የተሻገሩ፣ ቡሪየን የሚኖሩ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ ትኬት የሚቆርጡ ሰው ናቸው። ሾፌሮቹ የሚያከብሯቸው ግን በትኬቱ አይደለም። በጃንሆይ ጊዜ ጉለሌ የአንድ ደጃዝማች ሾፌር ነበርኩ፣ መኪናውም ካዲላክ ነበር ስለሚሉ ነው። በሚመጣው ምርጫ የማኅበሩ ሰብሳቢ ሊያደርጓቸው ተስማምተዋል። ያንን ወንበር ደግሞ ወንዳፍራሽ ሁለት ዓመት ሲመኘው ኖሯል።

«ካዲላክን የሚያውቅ እርስዎ ነዎት፤ እስቲ ያስነሱልን» ብሎ ቁልፉን ዘረጋላቸው።

ሽማግሌው ቁልፉን አዩት እንጂ አልተቀበሉትም። ጉልበቴን ያመኛል አሉና ከኋላ ገብተው ተቀመጡ። የእጅ መደገፊያውን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ ድሮ እዚህ ጋ ሲጋራ ማቀጣጠያ ነበረው አሉ። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ተሰብስቦ ቀሪውን ይጠብቃል።

«ከኋላው እንደ ዓሣ ክንፍ ነበረው» አሉ። «በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያሉ ቆረጡለት። ኋላ ደግሞ አርማውን በትንንሾቹ መኪኖች ላይ ሳይቀር ለጠፉ። ማዕረግ ለሁሉ ሲታደል እንዲህ ነው።»

እንግዶቹ ሳቁ። ወንዳፍራሽም አብሮ ሳቀ፤ ቁልፉን ግን ወደ ኪሱ መለሰ።

ከዚያ ቀን በኋላ እግር በእግር ይከታተላቸው ጀመር። በአውቶቡስ ይመጣሉ፣ በአውቶቡስ ይሄዳሉ። መንጃ ፈቃድ የላቸውም። ቤንዚን በየት በኩል እንደሚሞላ አያውቁም። አንድ ቀን የዚያ ዘመን ካዲላክ ማርሽ የት እንደነበር ቢጠይቃቸው «ከፊት» ብለው መለሱ። ስለ ግብዣ ሲያወሩ ደግሞ፣ ሾፌር ውጭ ቆሞ በሚያድርበት ሰዓት እሳቸው ውስጥ ምን እንደተበላና ማን ከማን ጋር እንደጨፈረ ይቆጥራሉ።

«ወይ አስተናጋጅ ነበሩ፣ ወይ ቀጣፊ ናቸው» አለው ለከማል። ከማል አብሮት ኤርፖርት የሚሠራ ረጋ ያለ የቡታጅራ ልጅ ነው።

«ሾፌር ነበርኩ ብሎ ምን ይጠቀማል? ሰው ከዋሸ ከፍ አድርጎ ይዋሻል እንጂ» አለ ከማል። ሲያትል ውስጥ ሀገሩ ሳለ ሚኒስትር ያልነበረ ሐበሻ እስካሁን አላገኘሁም፣ ተዋቸው፣ ሽማግሌ ናቸው ብሎ መከረው።

ወንዳፍራሽ አልተወም። ጉለሌ ካዲላክ የነበራቸው ደጃዝማች መቼም እንደ አሸን አልፈሉም። ቤተ ክርስቲያን ሲያጠያይቅ፣ አዳነች የምትባል የኬንት ነርስ አባቷ በዚያ ደጃዝማች ቤት እንዳገለገሉ ነገረችው። እንዲያውም ለፋሲካ ሊጠይቋት እየመጡ ነው። እኔ ራሴ በካዲላክ እቀበላቸዋለሁ ብሎ ማለላት።

አባትየው አቶ መንግሥቴ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሰው ሆነው ተገኙ። ከፊት እንጂ ከኋላ አልገባም አሉ። መንገድ ላይ ወንዳፍራሽ ብዙ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ በመጨረሻ ጠየቃቸው።

«የደጃዝማቹን ካዲላክ የሚነዳው ማን ነበር?»

«እኔ ነኛ። ሃያ ዓመት።»

«ሌላ ሾፌርስ? ሀብተሥላሴ የሚባል?»

ሽማግሌው መስኮቱን ከፍተው የሚሮጠውን መንገድ ትንሽ ተመለከቱ።

«በዚያ ስም ሾፌር አልነበረም» አሉ።

ወንዳፍራሽ ደስታውን ለመደበቅ ሬዲዮ ከፈተ። ቅዳሜ ስብሰባ አለን፣ እንደ እርስዎ ያለ አንጋፋ ቢገኝልን ክብራችን ነው ብሎ ለመናቸው። እሺ አሉ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ከፊት መስመር ተቀምጠዋል። ድምፅ ሊሰጥ ሲል ወንዳፍራሽ ተነሣና፣ ከመምረጣችን በፊት አንድ ነገር ብናጣራ አይከፋም አለ። እኚህ ሰው የደጃዝማቹ ሾፌር ነበርኩ እያሉ ዓመታት እንደተከበሩ፣ እውነተኛው የደጃዝማቹ ሾፌር ግን ዛሬ እዚሁ እንዳሉ ተናገረ። ከማል ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ብድግ አሉ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ዓይናቸው በሩን ይፈልጋል።

«አባባ መንግሥቴ፣» አለ ወንዳፍራሽ፣ «እኚህን ሰው ያውቋቸዋል?»

አቶ መንግሥቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀስ እያሉ ተራመዱ። ሰው ይሰድቧቸዋል ብሎ ጠበቀ።

ሽማግሌው ግን ዝቅ ብለው የትኬት ቆራጩን ጉልበት ሳሙና፣ «ልጅ ሀብተሥላሴ፣» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «ደርግ እኮ ከወደቀ ቆየ።»